የብልቃጡን ጀርባ አንብቢ

ጥቅምት 6

ትንሿ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን የአውቶቡስ ሾፌሩ ማተሚያ ቤት ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ፤ አለቃዬ የፍርድ ቤት መጥሪያ መስሎት ክው አለ። በዚህ ዘመን በወረቀት የሚጻጻፍ ማን አለ? ግን እሺ ብያለሁ። ስልክ ላይ የምንጣላው እኔ እያቋረጥኩሽ ነው ብለሻል፤ አልክድም። ወረቀት ላይ እስክትጨርሺ ከመስማት ሌላ ምርጫ የለኝም። ባለፈው ጆሮሽ ላይ ስለዘጋሁት ይቅርታ አድርጊልኝ። "ፊትሽን በካሜራ አሳዪኝ" እያልኩ ስለነዘነዝኩሽም ይቅርታ። ለምን እንደማታሳዪኝ ግን እስካሁን አልነገርሽኝም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የትኛውን ክሬም እንደምትገዢ እኔ አላውቅም። ሐኪም አይደለሁም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተጎልቼ የሳሙና፣ የሎሽንና የቅባት ዕቃ ላይ የሚለጠፍ ሌብል የማሰናዳ ሴት ነኝ። ስለዚህ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዕቃው ፊት ለፊት አይታመንም። አረንጓዴውን ቅጠል እዚያ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። "በሰባት ቀን ውስጥ" የሚለውን በትልቁ የምጽፈውም እኔ ነኝ። ባለቤቱ ሰባት ካለ ሰባት ይሆናል፣ አምስት ካለ አምስት። "ተፈጥሯዊ" የሚለውን ደግሞ ከየት አመጣኸው ብሎ የጠየቀው ሰው አላየሁም።

ስለዚህ ብልቃጡን አዙሪና ጀርባውን አንብቢ። ይዘቱ በሙሉ ተዘርዝሯል? የምርት ቁጥር አለው? መቼ እንደሚያበቃ ተጽፏል? ማን እንደሠራውና የት እንደሚገኝ አድራሻ አለ? ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሻጯ የፈለገችውን ብትል መልሰሽ መደርደሪያው ላይ አስቀምጪው። ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ዕቃ አትግዢ። ለሞካሪ ሁሉ የተከፈተውን ሊፕስቲክ ወደ ከንፈርሽ አታስጠጊው፤ ስንት አፍ ላይ እንደዞረ እግዜር ይወቀው። አዲስ ነገር ስትጀምሪ አንድ ብቻ ጀምሪ፤ እሱንም መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ሞክሪው። ሦስቱን ባንዴ ከተቀባሽ የትኛው እንደጎዳሽ ማን ይነግርሻል?

"እትዬ ደግሞ ስብከቷን ጀመረች" እንደምትዪ አውቃለሁ። በዪ፤ ግን አዙረሽ አንብቢ።

እህትሽ

ኅዳር 1

እትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የዘገየሁት በአንቺ ተናድጄ አይደለም፤ በሌላው ሰው ሁሉ ተናድጄ ነው።

ምን እንደሆንኩ ይኸው ልንገርሽ። ሁለቱም ጉንጬ ላይ ማድያት ወጣብኝ፣ ግንባሬን ቡግር ወረሰው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ "ለጊዜው ነው" ብሎ ከእንግዳ መቀበያው አነሳኝና አንሶላ ክፍል አስገባኝ። አራት ዓመት ሙሉ "እንኳን ደህና መጡ" ስል የኖርኩ ሰው፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ የትራስ ልብስ ሳጥፍ ከረምኩ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ካልጠራልኝ ቦታዬ ለተተካችው ልጅ እንደሚሰጥ በግልጽ ነግሮኛል። የሚናገረው ቀለም ስለሚቀባ ግድግዳ ነው የሚመስልሽ። በካሜራ ላሳይሽ ያልፈለግኩት ይሄን ነው።

መካሪ ደግሞ ሞልቶኛል። አብራኝ የምትኖረው ልብስ ሰፊ በሎሚ እሺው ብላኝ ሁለት ቀን ሲያቃጥለኝ ሰነበተ። አንሶላ አጣቢዋ የጥርስ ሳሙና ፍቱን ነው አለች። የበር ጥበቃው ሳይቀር አስተያየት አለው፤ የራሱን ፊት አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

የአንቺን ምክር ግን ተከተልኩ። መጀመሪያ መሳቢያዬን ገለበጥኩት። ማስካራው ከሦስት ዓመት በፊት የተከፈተ ነው፣ ፋውንዴሽኑ የቆየ ዘይት ይሸታል፣ ከንፈር ቅባቱን ከማን እንደተዋስኩት እንኳ አላስታውስም። ሁሉንም ጣልኩ። እያለቀስኩ ነው የጣልኩት፤ አትሳቂ። ከዚያ አምስት ሱቅ ዞርኩ። እያንዳንዱን እያዞርኩ ሳነብ አንዱ ባለሱቅ "እመቤት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ማዶ ነው" አለኝ። አንዱ ይዘት የለው፣ አንዱ አድራሻ የለው፣ የአንዱ ማብቂያ ቀን ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ በጥፍሬ ብልጠው ካለፈ ዓመት ሆኖታል። መጨረሻ ላይ አራቱንም ያሟላ አንድ ክሬም አገኘሁ። ክንዴ ላይ ሦስት ቀን ሞከርኩት፣ ምንም አላደረገኝም። ከዚያ ፊቴን ጀመርኩ።

እትዬ፣ በስምንት ቀን ቡግሩ ጠፋ፣ ማድያቱም ሳሳ። ትናንት ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። በሾፌሩ በላክሽው ቁራጭ ወረቀት ላይ ለጠየቅሽኝ፣ የቆዳ ሐኪም ቀጠሮ ሁለት ወር ያስጠብቃል፤ አሁን ደግሞ ብሄድ ምን አሳያታለሁ? ያዳንሽኝ አንቺ ነሽ።

ትንሿ

ኅዳር 6

ትንሿ፣

ወደ ቦታሽ በመመለስሽ ደስ ብሎኛል። ያንን ሥራ አስኪያጅሽን ግን አንድ ቀን አግኝቼ ስለ ግድግዳ ባወራው ደስ ይለኛል።

በሾፌሩ አፍ ላስጠየቅሽኝ መልሴ አይሆንም ነው፤ ክሬሙን ለልብስ ሰፊዋ አታውሻት። የእሷ ቆዳ ሌላ፣ የአንቺ ሌላ። ጣት የገባበት ብልቃጥ የጋራ አይሆንም።

ደስታሽን ለመበረዝ አይደለም፣ ግን ስምንት ቀን የሚለው እንቅልፍ ነሳኝ። "በሰባት ቀን" እያልኩ ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን እውነት ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ማድያት እንዲህ በቶሎ የሚለቅ ነገር አይደለም፤ የጎረቤታችን ሴትዮ ዓመት ፈጅቶባታል። እስቲ የጀርባውን ጽሑፍ አንድም ሳታስቀሪ ገልብጠሽ ላኪልኝ። ደግሞ አንድ ቀን ሳትቀቢ ስትውዪ ምን እንደሚሰማሽ ጻፊልኝ።

እህትሽ

ኅዳር 14

እትዬ፣

እንደምን አለሽ? አንቺ ደስታ እንኳ ይዘቱ ካልተዘረዘረልሽ አትቀበዪም አይደል?

ይኸው እንዳልሽው። ነጭ ብልቃጥ፣ አረንጓዴ ክዳን። ይዘት፦ ውኃ፣ ግሊሰሪን፣ የእሬት ጭማቂ፣ የለውዝ ዘይት፣ ቫይታሚን ሲ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስቱ ምላሴን ያሰሩኝ ስሞች ናቸው፣ በሌላ ወረቀት ገልብጬ አያይዤዋለሁ። ማብቂያው ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። አድራሻው የመንገዱ ስምና የቤቱ ቁጥር ሳይቀር አለው፤ እዚያው አንቺ ያለሽበት ከተማ ነው። የምርት ቁጥሩ ደግሞ ያስቅሻል። የተወለድኩበት ቀን፣ ወርና ዓመት ተደርድሮ ነው። ሱቁ ውስጥ ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ። ከሌላ አንድ ክሬም ጋር እያማረጥኩ ነበርና ይሄ የኔ ዕድል ነው ብዬ አነሳሁት።

ሳልቀባ ስውል ላልሽው፣ ባለፈው ቅዳሜና እሁድ ክሬሙን ረስቼው ከልብስ ሰፊዋ ጋር ዘመዶቿ ቤት ሄድን። ፊቴ ተቃጠለ፣ አሳከከኝ፣ ቀላ። ስመለስ ብቀባው በሰዓት ውስጥ ረጋ። ክሬሙን የሸጠችልኝ ባለሱቅ ቆዳዬ ለምዶት ነው ብላኛለች። ሁለተኛውን ብልቃጥም ገዝቻለሁ።

ትንሿ

ኅዳር 17

ትንሿ፣

ሰላምታው ለሌላ ጊዜ ይሁን። ክሬሙን ዛሬውኑ አቁሚ። ሁለቱንም ብልቃጥ ይዘሽ ሆስፒታል ሂጂ። ቀጠሮ የለኝም አትበዪ፤ ሄደሽ በራቸው ላይ ተቀመጪ። ለምን ብለሽ ጠይቀሽኝ ነገር አታጓትቺ፤ አሁን ልነግርሽ አልችልም። ብቻ አቁሚ።

እህትሽ

ኅዳር 29

እትዬ፣

ትእዛዝሽ ደርሶኛል። አቆምኩ። ውጤቱን ልንገርሽ?

በሦስተኛው ቀን ዓይኔ እስኪጠፋ አበጥኩ። ጉንጬ እንደ ተላጠ ቲማቲም ሆነ፣ ውኃ ሲነካው እንኳ ያንገበግበኛል። ቡግሩ ከነዘመዶቹ ተመለሰ። መቀበያው ላይ አንዲት እንግዳ አይታኝ ቁልፉን ከእጄ ሳይሆን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ከሰዓት በኋላ ወደ አንሶላ ክፍል ወረድኩ። ሥራ አስኪያጁ በዚህ ጊዜ "ለጊዜው" አላለም።

ሆስፒታል ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜ። አንዴ ካርድ አልቋል አሉኝ፣ አንዴ ሐኪሟ ስብሰባ ላይ ናት። ስለዚህ ክሬሙን መልሼ ጀምሬዋለሁ፤ ስቀባው ይተወኛልና። ባታምኚም ግድ የለኝም።

አንቺ ግን ለምንድን ነው እንዲህ የምታደርጊኝ? እናታችን ከሞተች ጀምሮ አድርጊ፣ አታድርጊ ነው። ምክንያት የለ፣ ማብራሪያ የለ። ጀርባውን አንብቢ አልሽኝ፣ አነበብኩ። አራት ነገር ፈልጊ አልሽኝ፣ ፈለግኩ። ክንድሽ ላይ ሞክሪ አልሽኝ፣ ሞከርኩ። ሌላው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ገዝቶ ፊቱ ያምርበታል፤ እኔ ተጠንቅቄ እንዲህ ሆንኩ። አሁን ደግሞ "አትጠይቂኝ" ትዪኛለሽ። የማላውቀው ምን ታውቂያለሽ? ካልነገርሽኝ ሌላ ደብዳቤ አትላኪ።

ታኅሣሥ 3

ትንሿ፣

እነግርሻለሁ። ይሄ አራተኛው ወረቀቴ ነው፣ ሦስቱን ቀድጃለሁ።

አምና አንድ ሰውዬ ማተሚያ ቤት መጣ። ኮፍያውን ከራሱ አውርዶ አያውቅም፣ በዚያው ባለ ኮፍያው አልነው። ምንም ያልተለጠፈበት ነጭ ብልቃጥ፣ አረንጓዴ ክዳን ያለው፣ ከአንድ የውጭ አገር ክሬም ጋር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና እንዲህ ያለ ሥሪልኝ አለኝ። እሱ የፈለገው ስምና ቅጠል ብቻ ነበር። እኔ ነኝ "ይዘት ካልተጻፈበት ማን ያምንሃል? ቁጥሩስ? ማብቂያውስ? አድራሻህስ?" ያልኩት። ሥራ ጎደሎ ሲሆን አልወድም፣ ታውቂያለሽ። እሱም "እንግዲያው አንቺ የሚያስፈልገውን አሟዪበት" አለኝ።

አሟላሁበት። ይዘቱን ከውጭ አገሩ ክሬም ላይ ቃል በቃል ገለበጥኩ። አድራሻ አለኝ ያለውን ሳላጣራ ጻፍኩ። ቁጥሩ ላይ ደግሞ የአንቺን ልደት አስቀመጥኩ። ሥራ ከጀመርኩ አንስቶ ደንበኛ ቁጥር ሳያመጣ ሲቀር ቦታውን የምይዘው በልደትሽ ነው፤ እሱን ሳይ ገና ያልተሞላ መሆኑን ስለማልረሳ። ሌሎቹ ሁሉ በኋላ ትክክለኛውን ያመጣሉ፣ እቀይረዋለሁ። ያኔ ግን ማሽኑ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፣ አለቃዬ በሩ ላይ ሆኖ ይጮህ ነበር፣ ባለ ኮፍያውም ቁጥር አላመጣም። እንዳለ ታተመ። ብልቃጡ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩትም።

አንድም ነገር አላጠፋሽም። እኔ ባላሟላው ኖሮ አንቺ መልሰሽ መደርደሪያው ላይ ታስቀምጪው ነበር።

ደብዳቤሽ ላይ ቁጥሩን ሳነብ ፋይሉን ከፍቼ አመሳከርኩት። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ። የፈራሁት ሥራዬን አይደለም፤ አንቺን ነው። ለአለቃዬ ስነግረው ፋይሉን አጥፊው አለኝ። አላጠፋሁትም።

ይሄን ደብዳቤ ለሐኪሟ አሳዪያት። እባክሽ ሂጂ።

እህትሽ

ታኅሣሥ 24

እትዬ፣

ሦስቱንም ቁራጭ ወረቀቶችሽን አግኝቻለሁ። ያልመለስኩት ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው። ሾፌሩ በመጣ ቁጥር "ዛሬም ባዶ እጄን ልሂድ?" ይለኛል።

በመጨረሻ ሐኪሟ አየችኝ። ክሬሙን አስመረመረችው። እሬትም የለው፣ ቫይታሚንም የለው። ያለው ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት። መጀመሪያ ሁሉን ነገር ጸጥ ያደርጋል አለችኝ፣ ከዚያ ቆዳው ያለ እሱ መኖር ያቅተዋል፣ እየሳሳም ይሄዳል። ባንዴ ማቆሜም ስህተት ነበር፤ ቀስ በቀስ በእሷ ቁጥጥር መሆን ነበረበት። ይሄን የምጽፈው ልወቅስሽ ነው፣ አልደብቅሽም። ወራት ይፈጃል ብላኛለች። ጉንጬ ላይ የተሳሉት ቀያይ ሥሮች ይጥፉ አይጥፉ አታውቅም። እስከዚያ ሽታ የሌለው ተራ ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ ብቻ፣ እሱንም ከመድኃኒት ቤት። ሌብሉ ላይ ያለውን ቁጥር የጤና ቁጥጥር ቢሮ መዝገብ ላይ ማጣራት እንደሚቻልም የሰማሁት ገና አሁን ነው። በጣም ቶሎ የሚሠራ ነገር ሲገጥምሽ ከመደሰትሽ በፊት ጠርጥሪ አለችኝ። አንቺ ጠርጥረሽ ነበር፤ እኔ አልሰማሁሽም።

ስለ ሥራ ለጠየቅሽኝ፣ መቀበያው ለልጅቷ ተሰጥቷል፤ በደብዳቤ፣ በማኅተም። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ልጠላት እንኳ አልቻልኩም። እኔ አንሶላ ክፍል ቋሚ ሆኛለሁ።

ይቅር ብለሽኛል ወይ ላልሽው፣ አላልኩሽም። ጠዋት ጠዋት መስታወት ሳይ አንቺ ላይ ነው የምናደደው፣ ማታ ደግሞ ትናፍቂኛለሽ፤ ሁለቱም አድክሞኛል።

ሌላ ነገር አለ፣ ከሰው ከምትሰሚው ከኔ ብትሰሚው ይሻላል። ሐኪሟ ወደ ቁጥጥር ቢሮ ላከችኝ። እዚያ ያለችው ሴትዮ አቤቱታ እንድሞላ ቅጽ ሰጠችኝ። የሻጯን ስም ጠየቀች፣ ሰጠሁ። ከዚያ ሌብሉን ማን እንዳሰናዳው የማውቅ እንደሆነ ጠየቀች። አላውቅም ብል ማንም አይይዘኝም ነበር። ከእኔ ቀጥሎ ሌላ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ፣ የልጅቷ ፊት እንደ ኔ። አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው።

ሙሉ ስምሽን ጻፍኩላቸው። የአባትሽንና የአያትሽን ስም ስጽፍ እጄ ቆመብኝ፤ ከመጀመሪያው ቃል በቀር የራሴው ስም ነውና። ግን ጨረስኩት። በቅርቡ ይመጡብሻል። አለቃሽ በዪ የሚልሽን አትበዪ።

ትንሿ

ጥር 2

ትንሿ፣

ደግ አደረግሽ። ከዚህ በፊት ሌላ ነገር መጻፍ አልፈልግም፤ ደግ አደረግሽ።

ሐሙስ ዕለት ሁለት ሰዎች መጡ። አለቃዬ ጠዋት ጠርቶኝ ደንበኛው ያለቀለት ፋይል ነው ያመጣው በዪ፣ እኛ አተምን እንጂ አልጻፍንም ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። ሰዎቹ ገና ሳይቀመጡ ኮምፒውተሩን ከፈትኩና እኔ ነኝ የሠራሁት ብዬ ፋይሉን አሳየኋቸው። ማን ይዘቱን እንደሰጠኝ ጠየቁኝ። ማንም አልሰጠኝም፣ ከሌላ ብልቃጥ ላይ ገለበጥኩት አልኳቸው። አንደኛው ቀና ብሎ አየኝና "ይሄን ስትናገሪ ምን እንደሚከተልሽ ገብቶሻል?" አለኝ። ገብቶኛል አልኩት። ፈርሜያለሁ። አለቃዬ እስክጠራሽ ቤትሽ ተቀመጪ ብሎኛል፤ የሚጠራኝ አይመስለኝም።

የባለ ኮፍያው ስልክ ዝግ ነው። አድራሻው ላይ እኔው ራሴ ሄድኩ። ጎማ ቤት ነው። ባለቤቱ ከእኔ በፊትም አራት ሴቶች ክሬም ፈልገው እንደመጡ ነግሮ አባረረኝ። እጅግ ያናደደኝ ግን ስመለስ ያየሁት ነው። ሱቅ ውስጥ ያው ነጭ ብልቃጥ በቀይ ክዳን፣ በሌላ ስም፣ ሌላ ማተሚያ ቤት የሠራው ሌብል ተለጥፎበት ተደርድሯል። አዙሬ አነበብኩት። አንድም ነገር አልጎደለውም። አንዲት ሴት አንሥታው ነበርና ተዪው አልኳት፤ ባለሱቁ ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። ውጭ ቆሜ ጠበቅኳት። ገዝታ ወጣች። የእኔ እህት በዚህ ነው የተጎዳችው ብላት ፈገግ ብላ መንገዷን ቀጠለች። ሐኪሟ ያለችሽን መዝገብ እንድታጣራ ልነግራት ከኋላዋ ተከተልኩ፤ ታክሲ ያዘች።

በሚቀጥለው ሳምንት ቢሮው በድጋሚ ይጠራኛል። ስለ ቀዩ ክዳንም እነግራቸዋለሁ። ሥራ የለኝምና ቀኑ ሁሉ የኔ ነው።

ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ደግሜ አልለምንሽም። እናደዳለሁ ባልሽው ጊዜ ተናደጂ። መካሪ ይብቃሽ፣ ከእንግዲህ ይሄን ግዢ ያንን ተዪ ብዬ የምጽፍልሽ ነገር የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፣ ሳታሳምሪ እንዳለ መልሺልኝ።

ፊትሽ ዛሬ እንዴት አደረ?

እህትሽ